ተሸናፊ የማይሰናበትበት ውድድር

ቶኪዮ ላይ ከጠዋቱ 9 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ አዲስ አበባ ላለ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ጃፓን ከእኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛም ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ስለሆነ ከፈረንጁ አቆጣጠር በስድስት ሰዓት እንለያለን። ስለዚህ የእነሱ የግድግዳ ሰዓትና የእኛ የግድግዳ ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ላይ ናቸው። ልዩነቱ፣ እነሱ ቁርሳቸውን በልተው ወንበር ሲስቡ እኛ ገና ከብርድ ልብስ ጋር መታገላችን ነው። የዓለም አማተሮች የጎ ሻምፒዮና ጃፓን ውስጥ ሲካሄድ በቀጥታ መከታተል ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ዋናው ወጪ ይኸው እንቅልፍ ነው።

እኔ ይህን ወጪ ደስ እያለኝ ነው የማወጣው። ሥራ ሲከብደኝና "ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው" የሚል ሐሳብ ሲመላለስብኝ፣ ከብዙ የማነቃቂያ መጻሕፍት ይልቅ ይህ ውድድር ቀና ያደርገኛል። ቀና የሚያደርገኝ ደግሞ ዋንጫ የሚያነሳው ሰው አይደለም። እሱን ካሜራው ሁሉ ያየዋል። እኔ የማየው ከታች ያሉትን ጠረጴዛዎች ነው፤ እናንተም ዛሬ ከእኔ ጋር ወደዚያ ብትመጡ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ጨዋታውን ለማታውቁት ላስተዋውቅ። ጎ ቻይና ውስጥ የተወለደ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ጃፓኖች ኢጎ፣ ቻይናዎች ዌይቺ፣ ኮሪያዎች ባዱክ ይሉታል። ሰሌዳው ላይ 19 የቁም፣ 19 የአግድም መስመሮች ተሰምረዋል፤ መስመሮቹ የሚገናኙባቸው 361 ነጥቦች አሉ። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ጠጠር ይዞ በየተራ ነጥቦቹ ላይ ያስቀምጣል። ጀማሪው ጥቁር ነው። በእኛ ገበጣ ጠጠር ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየተዘራ ይዞራል፤ ጎ ላይ ግን አንዴ የተቀመጠ ጠጠር ከቦታው አይንቀሳቀስም። በጠላት ተከብቦ መተንፈሻ ነጥብ ካጣ ይማረክና ይነሳል፤ ካልተማረከ እስከ መጨረሻው እዚያው ነው። ባዶ ከነበረው ሰሌዳ ላይ ሰፋ ያለ ክልል አጥሮ የተገኘው ያሸንፋል።

ስለ ደረጃው አንድ ነገር ልጨምር፤ በኋላ ያስፈልገናል። ፍጹም ጀማሪ 30 ኪዩ አካባቢ ነው። እየበረታ ሲሄድ ቁጥሩ እየቀነሰ 1 ኪዩ ይደርሳል፤ ከዚያ 1 ዳን ይሆንና ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል። በተራ ጨዋታ ላይ አቅማቸው የማይመጣጠን ሁለት ሰዎች ሲገናኙ፣ ደካማው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት እንደ ልዩነታቸው መጠን ከሁለት እስከ ዘጠኝ ጠጠር ሰሌዳው ላይ አስቀድሞ ይደረድራል። ማንም አይስቅበትም፣ እሱም አያፍርም። ትናንት አምስት ጠጠር ይሰጠው የነበረ ሰው ዛሬ አራት ከበቃው፣ አንድ ጠጠር አድጓል ማለት ነው። እድገቱን ለመለካት ከማንም ጭብጨባ መጠበቅ የለበትም።

አሁን ወደ ሻምፒዮናው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1979 ቶኪዮ ውስጥ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። አሸናፊው ቻይናዊው ኒዬ ዌይፒንግ ነበር። ይህ ሰው በባህል አብዮቱ ዘመን፣ ጎ ራሱ እንደ አሮጌው ሥርዓት ቅሪት በሚታይበት ጊዜ፣ በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ሄይሎንግጂያንግ ወደሚገኝ የመንግሥት እርሻ ተልኮ ጉልበት ሲሸጥ የነበረ ወጣት ነው። ከዚያ ጭቃ ወጥቶ ቶኪዮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በቻይናና በጃፓን መካከል በተደረጉት የቡድን ግጥሚያዎች የጃፓንን ታላላቅ ተጫዋቾች በተከታታይ እየጣለ ለአገሩ ሰው ጀግና ሆኗል። በእርግጥ የዚያን ጊዜዋ ቻይና የባለሙያ ተጫዋችነት ሥርዓት ገና ስላልነበራት ነው እንዲህ ያለ ጉልበተኛ ከአማተሮች ጎራ የተገኘው። ሌሎቹ አማተሮች ምን በወጣቸው ብዬ አንዳንዴ አዝንላቸዋለሁ።

በ1982 ዓለም አቀፉ የጎ ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ ውድድሩም እያደገ ከሃምሳ በላይ አገሮች ተወካይ የሚልኩበት ሆነ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ከአንድ አገር አንድ ሰው። ቻይና ከሚሊዮኖች መካከል አንድ ትልካለች፤ ተጫዋቾቿ ተሰብስበው አንድ ካፌ የማይሞሉ አገርም አንድ ትልካለች። ከአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ፣ ማዳጋስካርና ሞሮኮ ተወካይ ልከው ያውቃሉ። እስቲ አስቡት፤ በአገሩ የሚገጥመው ሰው ፈልጎ ያጣ፣ አብዛኛውን ጨዋታ ከኮምፒውተር ስክሪን ላይ የተማረ ወጣት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በጎ ትምህርት ቤት ካደገ ኮሪያዊ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ውጤቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ይሸነፋል።

ይሸነፍና አውሮፕላን ይሳፈራል? አይደለም። እዚህ ላይ ነው እኔ ወንበሬን ወደ ስክሪኑ የማስጠጋው።

እኛ በጥሎ ማለፍ ያደግን ሰዎች ነን። ስለ ኳስ ብቻ አይደለም የማወራው። አንድ የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ አንድ የቪዛ ቃለ መጠይቅ፣ አንድ የሥራ ማስታወቂያ፣ አንድ የንግድ ሙከራ። አለፍክ ወይስ ወደቅክ? ከወደቅክ "በቃ፣ የእሱ ነገር አለቀ" የሚል ሰው ከቤተሰብም ከጎረቤትም አይጠፋም። ክፋቱ ይህን ፍርድ እኛም እንቀበለዋለን። ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ "ጊዜዬ አልፏል" ሲል ሰምታችሁ አታውቁም? እኔ እሰማለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም ስለ ስዊስ ዙር ላስረዳው እጀምራለሁ፣ እሱም የግዱን ይሰማኛል።

የስዊስ ዙር የሚባለው የውድድር አሠራር በ1895 ዙሪክ ውስጥ ለቼዝ ውድድር የተፈጠረ ነው። የዓለም የጎ አማተሮች ሻምፒዮናም በዚሁ መንገድ ስምንት ዙር ይጫወታል፤ ብዙ ጊዜ በቀን ሁለት ዙር። ማንም አይባረርም። በመጀመሪያው ዙር ያሸነፉት በሁለተኛው እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ የተሸነፉትም እርስ በርስ። በሦስተኛው ዙር ሁለት ያሸነፈ ሁለት ካሸነፈ፣ አንድ ያሸነፈ አንድ ካሸነፈ፣ ምንም ያላገኘም ምንም ካላገኘ ይጫወታል። እንዲህ እየተባለ እስከ መጨረሻው።

ሂሳቡን በወረቀት ላይ እንሥራው፤ ደስ የሚል ሂሳብ ነው። 64 ተጫዋቾች አሉ እንበል። ውድድሩ ጥሎ ማለፍ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ዙር ብቻ 32ቱ ሻንጣቸውን ይሸክፉ ነበር። ስድስት ዙር ሲጠናቀቅ አንድ ሻምፒዮንና 63 የተሰናበቱ ሰዎች ይኖራሉ። በስዊሱ አሠራር ግን ከስድስት ዙር በኋላ ሁሉንም ያሸነፈ አንድ ሰው ነው፤ አምስት ያሸነፉ 6፣ አራት ያሸነፉ 15፣ ሦስት አሸንፈው ሦስት የተሸነፉ 20፣ ሁለት ያሸነፉ 15፣ አንድ ያሸነፉ 6 ይሆናሉ። አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ የቀረው ከ64ቱ አንድ ሰው ብቻ ነው። በእውነተኛው ውድድር ቁጥሩ ትንሽ ይዛባል እንጂ መልኩ ይኸው ነው። ተሳታፊው ያው፣ አቅሙ ያው፣ ጠጠሩ ያው። የተለወጠው ከሽንፈት በኋላ ወንበር መኖሩ ብቻ ነው፤ ለውጡም 63 ሰዎችን ከስንብት አድኗል።

ልብ በሉ፣ ይህ ለተሸናፊ የተደረገ ርኅራኄ አይደለም። ሽንፈቱ ሠንጠረዡ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ማንም አላጠፋለትም። ነገር ግን ሽንፈቱ አንድ ሥራ ይሠራል፦ ቀጣዩ ተጋጣሚ ማን መሆን እንዳለበት ይናገራል። ያ ከኮሪያዊው ፊት የወደቀ ወጣት በሁለተኛው ዙር ምናልባት እንደ እሱ ከጠንካራ ሰው ተገናኝቶ የወደቀ ሰው ያገኛል። በሦስተኛው ዙር ደግሞ በልኩ የሆነ ሰው ያገኛል። በሦስት ወይም በአራት ዙር ውስጥ ውድድሩ ራሱ እውነተኛ ቦታውን ፈልጎ ያገኝለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጫወታቸው ጨዋታዎች በሕይወቱ ካደረጋቸው ሁሉ አስጨናቂዎቹና ጣፋጮቹ ይሆናሉ። ከታች ጠረጴዛ ላይ በግማሽ ነጥብ የሚለያዩ ሁለት ሰዎች ላባቸው እስኪንቆረቆር ሲታገሉ ያየ ሰው፣ የፍጻሜውን ጨዋታ ለማየት አይቸኩልም።

እናንተም ከመጀመሪያው ሽንፈት በኋላ ተስፋ የቆረጣችሁት ከተሳሳተ ሰው ጋር ስለተመዘናችሁ ሊሆን ይችላል። ከሦስት ዓመት በፊት ሱቅ ከፍቶ የከሰረ ሰው የመርካቶን ትልቅ ነጋዴ እያየ "አልችልበትም" ይላል። ወዳጄ፣ ከዚያ ነጋዴ ጋር የተገናኘኸው በመጀመሪያው ዙር ነው! ሁለተኛውን መቼ ተጫወትክ?

አንድ ሕግ ደግሞ አለ፣ በጣም የምወደው። እኩል ጨዋታ ያሸነፉ ሰዎች ደረጃቸው እንዴት ይለያል? የገጠሟቸው ሰዎች በውድድሩ በጠቅላላ ስንት ጨዋታ አሸነፉ ተብሎ ይደመራል። ድምሩ የበለጠለት ከፍ ይላል። ቼዝም ተመሳሳይ ሕግ አለው። ምን ማለት እንደሆነ ገባችሁ? ጠዋት ያንበረከከህ ሰው ከሰዓት በኋላ ሲያሸንፍ፣ የእሱ ድል ለአንተም ይቆጠርልሃል። ስለዚህ በስድስተኛው ዙር ሰዎች በእረፍታቸው ተነስተው ቀድሞ ያሸነፋቸውን ሰው ጨዋታ ከጀርባው ቆመው ሲያዩ፣ በልባቸውም "አይዞህ፣ በርታ" ሲሉ ብታዩ አይግረማችሁ። እኔ ምቀኝነትን በስብከት ለማጥፋት የተሞከረባቸውን ብዙ መንገዶች አይቻለሁ፤ በነጥብ አያያዝ የተሞከረው ግን ይሠራል። እስቲ በመሥሪያ ቤታችሁ ከእናንተ ቀድሞ እድገት ያገኘውን ሰው በዚህ ዓይን ለአንድ ሳምንት እዩት።

ስለ ሰዓቱ ብዙ አልልም። እያንዳንዱ ተጫዋች የተመደበለት የማሰቢያ ጊዜ አለው፤ ሲያልቅበት ጃፓኖች ቢዮዮሚ በሚሉት ቆጠራ ውስጥ ይገባል፤ ለአንድ ጠጠር ብዙ ጊዜ 30 ሰከንድ ይሰጠዋል። በሰዓቱ ካስቀመጠ ቆጠራው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ጊዜው ያለቀበት ሰው ጨዋታው አላለቀበትም፤ እያንዳንዷን እርምጃ በ30 ሰከንዷ ውስጥ እየወሰነ ሌላ መቶ እርምጃ ሊሄድ ይችላል። አርባ ዓመት ሞልቶት ትምህርት ለመጀመር የሚያመነታ አንባቢ ካለ ይህቺን አንቀጽ ደግሞ ያንብባት።

ብዙ ልል የምፈልገው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ስለሚሆነው ነው።

ጎ ላይ ሽንፈቱ የታየው ሰው እስከ መጨረሻው አይጎተትም። ጎንበስ ብሎ መሸነፉን ይናገራል፤ ጃፓኖቹ "ማኬማሺታ" ይላሉ፤ ተሸንፌያለሁ ማለት ነው። በዚያው ቅጽበት አንድ የሚገርም ነገር ይጀመራል። ሁለቱ ሰዎች አይለያዩም። ጠጠሮቹን ጠርገው ባዶ ሰሌዳ ላይ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምረው እንደገና ይደረድሩታል። ኮሪያዎች ለዚህ ቦክጊ የሚል ስም አላቸው። በዚያ ደረጃ ያለ ተጫዋች ከሁለት መቶ በላይ እርምጃዎችን ያለ ማስታወሻ በቅደም ተከተል ያስታውሳል። የሆነ ቦታ ሲደርሱ አሸናፊው ጣቱን ያቆማል፤ "እዚህ ጋ ብትሄድ ኖሮ ከብዶኝ ነበር" ይላል። ተሸናፊው ሌላ ይሞክራል። እንደገና ያነሳሉ፣ እንደገና ይደረድራሉ። ብዙ ጊዜ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም፤ አንዱ ስፓኒሽ፣ ሌላው ታይኛ ተናጋሪ ነው። በጠጠር ይግባባሉ። እንደዚህ ባሉ ውድድሮች ላይ ባለሙያ ተጫዋቾችም ይጋበዙና የአማተሮቹን ጨዋታ ይተነትኑላቸዋል፤ ከዓለም ጥግ ለመጣ ሰው ይህ ከሜዳሊያ ያልተናነሰ ስጦታ ነው።

አሁን ይህን ከእኛ ኑሮ ጋር አስተያዩት። ቃለ መጠይቅ ወድቃችሁ ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ጠያቂው ስልክ ደውላችሁ "በየትኛው መልስ ላይ ነው የተበላሸው?" ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጨረታ ተሸንፋችሁ ያሸነፋችሁን ድርጅት ባለቤት ቡና ጋብዛችሁ ታውቃላችሁ? አላደረጋችሁም፤ ይሉኝታ ይይዘናል። "ምን ይሉኛል" እያልን፣ የወደቅንበትን ጉድጓድ በደንብ የሚያውቀውን ብቸኛ ሰው ሳንጠይቀው እናሳልፋለን። ከጓደኛ ጋር ተቀምጦ "ሥራው በዘመድ ነው የተሰጠው" ማለት ይቀለናል። አንዳንዴ እውነት በዘመድ ይሰጣል፤ አልክድም። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ የትኛው እንደሆነ የምናውቀው ጠጠሩን መልሰን ስንደረድረው ነው።

ያሸነፈህ ሰው ካንተ ጋር ሆኖ ለአንድ ሰዓት ያህል ያንኑ ሰሌዳ ሲያይ ቆይቷል። አንተ ያየኸውን አይቷል፣ ያላየኸውንም አይቷል። እናትህ እንኳ ይህን ልትነግርህ አትችልም፤ ትወድሃለችና "አንተማ ጎበዝ ነህ" ትልሃለች።

ከዚህ ውድድር ታሪክ ሦስት ሰዎችን ላንሳ። ሳካይ ሂዴዩኪ ሐኪም ነው። በ2000 የዓለም አማተሮች ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት፣ ብዙዎች ገና በልጅነታቸው በሚገቡበት ሙያ ውስጥ፣ በሃያዎቹ ዕድሜው መጨረሻ ላይ ሆኖ የመግቢያ ግጥሚያዎችን ተጫውቶ በጃፓን የካንሳይ ኪኢን ማኅበር በቀጥታ 5ኛ ዳን ባለሙያ ተባለ። በ2010 ጎሴይ የሚባለውን ከጃፓን ታላላቅ ማዕረጎች አንዱን ቾ ዩን አሸንፎ ወሰደ። ከዚያስ? በ2019 ወደ ሕክምናው ተመለሰ። እኔ የምወደው ይህን የመጨረሻውን ነው። ስኬት አንድ በር ገብቶ መቆለፍ ነው ያለው ማን ነው?

ኪኩቺ ያሱሮ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ባለሙያ ተጫዋች የመሆን አቅም እንዳለው ማንም አይጠራጠርም ነበር፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ አማተር ሆኖ ቆየ። የጃፓን አማተሮች ሆኒንቦ የሚባለውን ውድድር 13 ጊዜ አሸነፈ፤ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በ1992፣ ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። በአንድ እጁ እየተወዳደረ በሌላው ልጆች የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ነበረው፤ ከዚያ ቤት እንደ ያማሺታ ኬይጎ ያሉ የጃፓን ታላላቅ ባለማዕረጎች ወጥተዋል። ሌሎች ወደ ላይ ሲወጡ መሰላል ሆኖ፣ ራሱም ከመውጣት አልቦዘነም።

ሦስተኛው አርጀንቲናዊው ፈርናንዶ አጊላር ነው። ቡዌኖስ አይረስ ከጎ ዋና ከተሞች ከቶኪዮ፣ ከሴኡልና ከቤጂንግ ያላትን ርቀት በካርታ እዩት። ይህ ሰው አገሩን በዓለም አማተሮች ሻምፒዮና ደጋግሞ የወከለ አማተር ነው። በ2002 ባለሙያዎች በሚሳተፉበት የቶዮታ ዴንሶ ዓለም አቀፍ ውድድር ተጋብዞ በጃፓን የሚጫወቱ ሁለት ባለሙያዎችን በተከታታይ አሸነፈ። የዕለት እንጀራቸውን በጎ የሚበሉ ሰዎችን ማለት ነው። "እኛ ጋ እኮ ሁኔታው አይመችም" የሚለውን ዘፈን ልንዘፍን ስንል የአጊላር ስም ትዝ ይበለን።

ስለማይመች ሁኔታ ካነሳን፣ የ2013ቱ ሻምፒዮና የተካሄደው በሴንዳይ ነበር። መጋቢት 2011 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ክፉኛ በተጎዳው አካባቢ ዋና ከተማ ውስጥ፣ ከአደጋው ሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ማለት ነው። ከተማዋ እንግዳ ተቀበለች፤ ስምንቱም ዙር ተጫወቱ፤ ኮሪያዊው ቾይ ሄዮንጄ አሸነፈ።

አንዳንድ ሰው ይጠይቀኛል፦ ማሽን ሰውን አሸንፎ በጨረሰበት ዘመን ይህ ሁሉ ድካም ምን ይሠራል? እውነት ነው፤ መጋቢት 2016 ሴኡል ውስጥ አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም ታላቁን ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 አሸንፎታል። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሮቹ ይበልጥ በርትተዋል። አማተሮቹ ግን መምጣታቸውን አላቆሙም። እነሱ መጀመሪያውኑ በዓለም ላይ ከእነሱ የሚበልጥ እንዳለ እያወቁ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው፤ በላያቸው አንድ ወለል ቢጨመር ምን ይጎድልባቸዋል? ከዚያም አልፎ ማሽኑን አስተማሪ አድርገው ቀጠሩት። ከ2019 ጀምሮ ካታጎ የተባለውን ብርቱ ፕሮግራም ማንም ሰው በነጻ አውርዶ የራሱን ጨዋታ ማስመርመር ይችላል። ከሙያችሁ በላይ የሆነ ማሽን መጣብኝ ብላችሁ የምትሰጉ ሁሉ፣ እነዚህን ሰዎች ተመልከቷቸው።

እንግዲህ እንዴት ትከታተላላችሁ? ጨዋታዎቹ በኢንተርኔት ሰሌዳዎች ላይ በቀጥታ ይተላለፋሉ፤ በኋላም መዝገባቸው ይገኛል። ተቀምጦ ማየት ብቻውን ግን ያፈዝዛል። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኤድዋርድ ላስከር የተባለ መሐንዲስና የቼዝ ተጫዋች በርሊን ውስጥ ከጓደኛው ጋር ሆኖ የጃፓን ጋዜጣ ላይ የታተመ የጎ ጨዋታ አገኘ። ጨዋታው መሃል ላይ ይቋረጣል፤ አንደኛው ተጫዋች እጅ ሰጥቷል። ለምን እጅ እንደሰጠ ግን ሁለቱ ጓደኛሞች ሊገባቸው አልቻለም። ሰሌዳው ላይ የሚታይ ምንም አደጋ የለም። ጉዳዩን አልተዉትም፤ ከሳምንታት ልፋት በኋላ ምክንያቱን ራሳቸው አገኙት። ብዙ እርምጃ ወደፊት ያለ ወጥመድ ነበር። በዚያ ጊዜ ጎ ልባቸውን ወሰደው። ላስከር ጨዋታውን ለረጅም ዓመታት የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ለነበረው ለአማኑኤል ላስከር አስተማረ፤ አሜሪካ ከሄደም በኋላ በ1935 የአሜሪካን የጎ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ይህ ሁሉ የመጣው "ይህ ሰው ለምን እጅ ሰጠ?" ከሚል ጥያቄ ነው።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ቀጣዩ ጠጠር ከመታየቱ በፊት ስክሪኑን በእጃችሁ ሸፍናችሁ "እኔ ብሆን የት አስቀምጥ ነበር?" በሉ። ከዚያ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ አትገጥሙም፤ ባልገጠማችሁ ቁጥር ግን አንድ ጥያቄ በእጃችሁ ቀረ። ካታጎን ለመጨረሻ አቆዩት። ገና ሳያስብ መልሱን የሚያይ ሰው ትክክለኛውን ቦታ ያውቃል፤ ለምን ትክክል እንደሆነ ግን በሚቀጥለው ቀን ጠይቁት።

ተጫዋችም ስትመርጡ ለዋንጫ የታጨውን ተዉት። የአገሮቹን ዝርዝር ከታች ወደ ላይ አንብቡና አንድ ስም ያዙ፤ የማዳጋስካሩን፣ የሞሮኮውን፣ ወይም ከዚያ በፊት ሰምታችሁት የማታውቁትን አገር ተወካይ። ስምንቱንም ዙር አብራችሁት ሁኑ። በመጀመሪያው ዙር ሲደቆስ አይታችሁ በሁለተኛው ዙር በሰዓቱ ወንበሩ ላይ መገኘቱን ተመልከቱ። በአራተኛው ቀን ሦስት አሸንፎ አምስት ቢሸነፍ፣ እነዚያ ሦስቱ እንዴት እንደመጡ ከማንም ጋዜጠኛ በላይ የምታውቁት እናንተ ትሆናላችሁ።

እስከዚያው የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ዓመት የበለጣችሁን አንድ ሰው አስቡ፤ ጨረታውን የወሰደውን፣ ውጤቱ ከእናንተ የተሻለውን፣ እናንተ ያሰባችሁትን ሱቅ ቀድሞ የከፈተውን። በዚህ ሳምንት ደውሉለት። እንኳን ደስ አለህ ብላችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ "እኔ የቱ ጋ ነው የሳትኩት?" ብላችሁ ጠይቁት። ሲመልስ አትከራከሩት፤ ማስታወሻ ያዙ። የቡናውን ሒሳብ እናንተ ክፈሉ።